በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል በመተዳደሪያ ደንብ ይከልከል? የአዳማ ነዋሪዎች ክርክር

አወያይ፦ በአዳማ የምንኖርበት የኮንዶሚኒየም መንደር ማኅበር ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረበው የደንብ ማሻሻያ፣ በመኖሪያ ቤቶች፣ በባልኮኒዎችና በደረጃዎች ላይ ከሰል ማቀጣጠልን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል አንቀጽ እንደያዘ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት በምክንያት እንድንነጋገር ይህን ክርክር ከፍቻለሁ። ክልከላው ከጸደቀ ቤተሰቦች በምን ሊያበስሉ ነው የሚለውም አብሮ ቢታይ መልካም ነው።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የአራት ልጆች እናት፦ ክልከላውን እቃወማለሁ። ለበዓል ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ እስኪቁላላ፣ በርበሬው እስኪበስል፣ ብልቱ ገብቶ እስኪዋሐድ ድረስ ድስቱ በለዘበ እሳት ላይ ለሰዓታት መቀመጥ አለበት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ መብራት ሳይቋረጥ ይቆያል ብሎ የሚተማመን ቤተሰብ በመንደራችን ያለ አይመስለኝም። የሲሊንደር ጋዝ ለሁሉም ኪስ አይሆንም። የእሑድ ቡናችንም ልጆቹን ሁሉ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚያስቀምጠን ብቸኛው የሳምንቱ ጊዜ ነው። ጎረቤትን የሚያስቸግር ካለ ጎረቤቱ ይንገረው፤ የቤተሰብ ማዕድ ግን በጉባኤ ድምፅ የሚወሰን ጉዳይ መሆን የለበትም።

በጤና ተቋም የምትሠራ ነዋሪ፦ እትዬ ስለ ማዕዱ የተናገሩትን አከብራለሁ፤ እኔም በከሰል ቡና ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን የያዝነው ጉዳይ ጎረቤትን የማስቸገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የሚጎዳው የራሱ የባለቤቱ ቤተሰብ ነው። የከሰል አደጋ ከእንጨት የሚለየው ጭሱ በማነሱ ነው። እንጨት ዓይንን ስለሚያቃጥል ሰው መስኮት ይከፍታል ወይም ይወጣል፤ የቀላ ፍም ግን ንጹሕ መስሎ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ ሰውም የበዓል ድካም ነው ብሎ ይተኛል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ምክንያቱን ከፍሙ መጠርጠርና ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ይገባል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው።

በመንደራችን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ባልኮኒ የመዝጋት ልማድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ለማስፋት ሲል ባልኮኒውን በአሉሚኒየምና በመስታወት አስዘግቶ ወጥ ቤት አድርጎታል፤ ከዚያም ከሰሉን አሁንም ባልኮኒ ላይ ነው የማቀጣጥለው ይላል። ባልኮኒው ግን ከተዘጋ በኋላ ክፍል ሆኗል፤ በዚያ ላይ ወደ ልጆች መኝታ የሚከፈት በር አለው። ላቀች ምድጃም ቢሆን የሚቆጥበው የከሰሉን መጠን ነው እንጂ ጋዙን አያስቀረውም። ስለዚህ አንቀጹን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ ሁለቱም ያላነሱትን ልጨምር። የቆቃ ግድብ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅርባችን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች በሁለት ምዕራፍ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው፤ የህዳሴው ግድብም ተመርቋል። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም የቤታችንን ችግር በቀጥታ አይፈታም፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው በሕንፃችን መስመር ላይ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ከሰል ተከልክሎ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣድና ምድጃ በአንድ ጊዜ ቢያበራ መስመሩ አይችለውም፤ ማከፋፈያ ሶኬት ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰው ደግሞ ቃጠሎ እየጠራ ነው። ምጣድ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ያለው የተለየ መስመር ይፈልጋል። ክልከላው የሚጸድቅ ከሆነ፣ አስቀድሞ የየሕንፃው መስመር ይፈተሽ የሚል ቅድመ ሁኔታ ይግባበት።

የማኅበሩ የቀድሞ ሒሳብ ያዥ፦ መፍትሔው በደጃችን አለ ብዬ አምናለሁ። ኮሚናል የምንለው ቤት መንደሩ ሲሠራ የታሰበው እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድ፣ ለሠርግና ለሐዘን እንዲሆን ነው። ዛሬ መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል። ለጥበቃና ለውኃ ፓምፕ የሚከፈለው ገንዘብ ከዚያ ኪራይ እንደሚመጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገቢውን በወርኃዊ መዋጮ ጭማሪ መተካት ይቻላል። ኮሚናሉ ከተመለሰልን ከሰል የሚያቀጣጥል ሁሉ ሰፊና አየር የሚያገኝ ቦታ ይኖረዋል።

የአራት ልጆች እናት፦ በኮሚናሉ ሐሳብ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከዓመታት በፊት ሊጠየቅ ይገባው ነበር። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሊጥ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ለእኔ ቢቻለኝ፣ ለአቅመ ደካማ ጎረቤቶቻችን አይቻልም። መዋጮ መጨመርም በጡረታ ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክልከላው ለተዘጋ ክፍልና በመስታወት ለተዘጋ ባልኮኒ ብቻ ይሁን፤ ባልኮኒውን ክፍት አድርጎ ያቆየ ቤተሰብ ግን ሌላው ባጠፋው አይቀጣ።

በጤና ተቋም የምትሠራ ነዋሪ፦ ስለ ተዘጋው ባልኮኒ የተናገሩትን በደስታ እቀበላለሁ። በክፍት ባልኮኒ ላይ ግን አሁንም አልስማማም፤ ከሥር የሚወጣው ወደ ላይኛው ቤት መስኮት ይገባልና፣ የአምስተኛ ፎቅ ጨቅላ ከአራተኛ ፎቅ ፍም የሚጠበቅበት መንገድ በእርስዎ ሐሳብ ውስጥ የለም። ለአቅመ ደካሞች የምድር ቤት ነዋሪዎች በተራ እንጀራ ይጋግሩላቸው፤ እኔ የመጀመሪያውን ተራ እወስዳለሁ። የኮሚናሉ የኪራይ ውል መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ኮሚቴው ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ ያሳውቀን፤ ውሉ ገና ዓመት የሚቀረው ከሆነ ክልከላው ከዚያ በፊት በሥራ ላይ ሊውል አይገባም።