ከግንቡ በፊት፦ ስለ ጅረታችን የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ተዘጋጅቷል። ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዳርቻው በተናደበት 80 ሜትር ላይ የጋቢዮን ግንብ (በሽቦ መረብ ውስጥ የታጨቀ ድንጋይ) እንዲሠራ። ሁለተኛ፣ የጅረቱ ወለል ሙሉ በሙሉ እንዲጠረግ። ሦስተኛ፣ ውሃው ቶሎ እንዲያልፍ ጠመዝማዛው ቦታ ቀጥ እንዲል። ያልተስማማችሁበትን በግልጽ ጻፉ። ከተፈረመ በኋላ የሚነሳ ሐሳብ ሁላችንንም ወደ ኋላ ይመልሰናል።

ከታችኛው ዳር ያሉ አባል፦
እኔ ግንቡን እደግፋለሁ። ባለፈው የዝናብ ወቅት አጥሬ ከነቋሚው ሄዷል። በአንድ ሌሊት ሁለት ሜትር ያህል መሬት ተቆርሶ ወረደ። አሁን ልጆቹ እዚያ ጫፍ ላይ እንዳይቆሙ ስጠብቅ ነው የምውለው። ሰማዩ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የለኝም። እባካችሁ፣ ቶሎ የሚደርሰውን እንያዝ።

የውሃ መሐንዲስ አባል፦
እናታችን፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ አጥሩ የወደቀው ዝናቡ እየጣለ ነው ወይስ ካባራ በኋላ?

ከታችኛው ዳር ያሉ አባል፦
ካባራ በኋላ ነው ልጄ። ሊነጋ ሲል። ውሃው ጎድሎ ነበር፤ እንዲያውም አለፈልን ብዬ ገና ጋደም እንዳልኩ ነው የሰማሁት።

የውሃ መሐንዲስ አባል፦
የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። ጅረቱ ሞልቶ ሳለ ውሃው ራሱ ዳርቻውን ደግፎ ይይዘዋል። ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፤ አፈሩ ግን ውሃ ጠጥቶ እንደከበደ ነው። ያን ጊዜ ይናዳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዳርቻው በጣም ከፍ ያለና እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ነው። ዳርቻውን ከፍ ያደረገው ውሃው ወለሉን መቆፈሩ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ነጥብ ይውጣ እላለሁ። ጠመዝማዛ ጅረት ሲቃና መንገዱ ያጥራል፣ የሚወርደው ከፍታ ግን ያው ነው። ቁልቁለቱ ይጨምራል፣ ውሃው ይፈጥናል፣ ወለሉን የበለጠ ይቆፍራል። ከእኛ በታች ላሉትም ጎርፉን ቶሎና በብዛት እናደርስላቸዋለን። ይህ ነውር ነው፤ ፕሮፖዛላችን ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ ማየት አልፈልግም።

ግንቡንም ብቻውን አላምነውም። ከአጥራቸው በታች ወለሉ ላይ እንደ ደረጃ ሰበር ያለች፣ ትንሽ ፏፏቴ የምትመስል ቦታ አለች። ውሃው ያቺን ደረጃ እየበላ ወደ ላይ ያፈገፍጋታል። ነገ ግንቡ ሥር ትደርሳለች፣ መሠረቱን ባዶ ታስቀረዋለች። መጀመሪያ ወለሉ ይታሰር፦ ከወለሉ ብዙ ከፍ በማይሉ፣ በትላልቅ ድንጋይ በተሠሩ ተከታታይ ክትሮች። ከዚያ ዳርቻውን አጋድመን እንቁረጠው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዳርቻ ሣርም አይይዝም።

ከላይኛው ሰፈር ያለ አባል፦
ስለ እኛም ይጻፍ። ጎርፉ የሚነሳው ከኛ ጣሪያና ከኛ አስፋልት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 6,000 ሊትር። መቶ እንዲህ ያሉ ጣሪያዎች 600,000 ሊትር ያወርዳሉ። ድሮ አፈሩ አብዛኛውን ይጠጣው ነበር። አሁን ሁሉም በቱቦ ተለቅሞ በደቂቃዎች ውስጥ ጅረቱ ላይ ይደፋል። እናንተ ታች ግንብ ስትሠሩ እኛ ላይ እንዲሁ ስናፈስ፣ ነገሩ በቀዳዳ ባልዲ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ማቆያ ኩሬ ይሠራ የሚል ሐሳብ አለኝ።

የውሃ መሐንዲስ አባል፦
ልክ ብለሃል ወንድሜ። ኩሬው ላይ ግን ጥንቃቄ ጨምርበት። ኩሬ የጎርፉን ከፍታ ዝቅ ያደርጋል፤ የውሃውን መጠን ግን አይቀንስም። ያጠራቀመውን ለረጅም ሰዓት ሲለቅ፣ ያ ፍሰት ወለሉን ለመሸርሸር በቂ ኃይል ካለው ጅረቱ በዝግታ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስረግ ነው፦ የጣሪያ ውሃን ወደ አትክልት ቦታ መመለስ፣ በመንገድ ዳር ውሃ የሚያሰርጉ ጉድጓዶች፣ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ። ማስረጊያው ግን ከቤት መሠረትና ሊንሸራተት ከሚችል ገደል ይራቅ። የተረፈው ወደ ኩሬ ይሂድ፤ መልቀቂያውም ጠባብ ይሁን።

ወጣት አባል፦
እኔ በደቡብ ኮሪያ ሴኡል ያለውን የቾንግጌቾን ጅረት በምሳሌነት ላምጣ። ጅረቱን የሸፈነውን መንገድ አፍርሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፈቱት። እንዲህ ያለ ትልቅ ራእይ ለምን አይኖረንም?

የዕፅዋት ባለሙያ አባል፦
ራእይህን ወደድኩት፤ ምሳሌው ግን ለእኛ አይስማማም። እዚያ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው በፓምፕ የሚመጣ ነው። ለእኛ የሚቀርበው የሲንጋፖሩ የካላንግ ወንዝ ነው። በቢሻን ፓርክ ውስጥ 2.7 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ ነበር። አፍርሰው 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ወንዝ አደረጉት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ዝናብ ሲበረታ ውሃው ፓርኩ ላይ ይተኛል፣ ሰው ወደ ከፍታው ይወጣል። የዳርቻ ማሰሪያ ዘዴዎቹን ሁሉ ግን አስቀድመው በአጭር ቦታ ላይ ፈትነው ነው ወደ ሥራው የገቡት። ትንሽ መጀመርም አያሳፍርም። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ስትሮቤሪ ክሪክ የተባለውን ጅረት በ1984 እ.ኤ.አ. ከቱቦ ሲያወጡት 60 ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ተክሉን በተመለከተ፣ አኻያ ወይም ሌላ ከቅርንጫፍ የሚበቅል የአካባቢው ዛፍ እንጠቀም። ከአውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ እንዲገባ ይተከላል። እርጥበት ካልደረሰ ይደርቃል። ዳርቻው ግርጌ ላይ ድንጋይ፣ ከላዩ የተክል ሥር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ወለል ጠረጋውም ይስተካከል። ፕላስቲክና ፍርስራሽ ይውጣ። ድንጋዩና ጠጠሩ ግን የጅረቱ ጋሻ ነው፣ አይነካ። ድልድዩን የሚዘጋ ግንድ ካለ እሱ ብቻ ይነሳ።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ነገር ብቻ። የሦስት ዓመት እንክብካቤ ወጪ በጀቱ ውስጥ ካልገባ እኔ አልፈርምም። ተክለን የተውነው ስንቱ እንደደረቀ ሁላችንም አይተናል።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። ማቃናቱ ወጥቷል። ግንቡ 80 ሜትር መሆኑ ቀርቶ፣ ቤት ለገደሉ በጣም የቀረበበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ወለሉ ከታሰረ በኋላ ይሠራል። የላይኛው ሰፈር የጣሪያ ውሃ የመጀመሪያው አንቀጽ ሆኗል። የቀረው ከባዱ ነገር ነው፦ ዳርቻውን ለማጋደም መሬት ያስፈልጋል። ማን ይለቃል?

የውሃ መሐንዲስ አባል፦
ለምን እንደሚያስፈልግ ይጻፍበት። ቁልቁለቱ ያው ሆኖ የውሃው ጥልቀት እጥፍ ሲሆን፣ ወለሉን የሚጎትተው ኃይልም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጎርፉ ወደ ጎን የሚተኛበት ካገኘ ጥልቀቱም ጉልበቱም ይቀንሳል። ጥቂት ሜትር እንኳ ትልቅ ለውጥ አለው። ከዚያ በፊት የጅረቱን ወርድና ጥልቀት አሥር ቦታ ላይ እንለካ፤ የድልድዩንም አፍ። እኔ ሜትርና ገመድ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁለት ሰው ይርዳኝ።

ወጣት አባል፦
እኔ አንዱ ነኝ። ድልድዩ ላይ በቀለም የውሃ ከፍታ መለኪያ እሠራለሁ፤ በዘነበ ቁጥር ፎቶ አነሳለሁ።

ከታችኛው ዳር ያሉ አባል፦
ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አጥሩን መልሼ እዚያው ጫፍ ላይ ላቆመው ነበር ሐሳቤ። ጎረቤቶቼም እንደኔ ከለቀቁ፣ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። ነገ ጠዋት ቤት ለቤት ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። ግን ወለሉ የሚታሰርበት ወር በፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍልኝ፤ ከሚቀጥለው የዝናብ ወቅት በፊት መሆን አለበት።

አስተባባሪ፦
ይጻፋል እናታችን። አሁኑኑ አስገባዋለሁ።