ካርታው በሟች አባታችን ስም ነው፣ ሰፈሩ ሊመዘገብ ነው ሲባል ምን እናድርግ? (ባህር ዳር)

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ሽምብጥ ያለ የቤተሰብ ቤት አለን። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፣ እናታችን እዛው ናት፣ እኛ አራት ልጆች ነን አንዱ ውጭ ነው ያለው። ካርታው ድሮ፣ መሬት በሊዝ (ለመንግሥት ኪራይ እየተከፈለ) መሰጠት ሳይጀምር የተሰጠ ነባር ይዞታ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ስም የአባታችን ብቻ። ግብሩንም በሱ ስም እየከፈልን እስካሁን ማንም ምንም ብሎን አያውቅም። አሁን ሰፈሩ ሊመዘገብ ነው ካዳስተር (የመሬት ልኬትና ምዝገባ) ምናምን ሲባል ሰማንና ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ያወራል፣ አንዱ ስም ካዞራችሁ ሊዝ ትገባላችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ ይላል ሌላው ደሞ በሟች ስም አይመዘገብም ቶሎ በሉ ይላል። ካርታ እያለን ሌላ ምዝገባ ለምን አስፈለገ? ስም ሲዞር እውነት ሊዝ ይሆናል? ከሁሉም ደሞ እናቴ ካርታው ላይ ስሟ የለም፣ ነገ አንዱ ተነስቶ ውጪ ቢላትስ? እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

አባይ ማዶ፦
እህቴ ከእናትሽ ልጀምር። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ነው በሕግ ሚገመተው፣ የለም የግሉ ነው የሚል ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ ቤቱ ከተጋቡ በኋላ የተሠራ ወይ የተገዛ ከሆነ ግማሹ የእናትሽ ነው። በውርስ አይደለም ምታገኘው፣ ድሮውንም የራሷ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የአባታችሁ ግማሽ ብቻ ነው፣ እሱም ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች እኩል ይከፈላል፣ ወንድ ሴት አይልም፣ ከሌላ የተወለደ ልጅ ካለም እኩል ነው። በናንተ ሁኔታ እናት ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። እኔ ሁሌ የሚያናድደኝ ሰዎች እናትን እንደ አንድ ወራሽ ቆጥረው ቤቱን ለአምስት ሲያካፍሉ ነው፣ ሽማግሌም ተቀምጦበት እንደዛ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ከግማሽ ወደ አምስተኛ አወረዷት ማለት እኮ ነው።

ሊዝ ያሉሽ ነገር ግማሹ እውነት ግማሹ ውሸት ነው። የሊዝ አዋጁ 721/2004 የሚለው ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው ወደ ሊዝ የሚገባው፣ ማለትም በሽያጭ ወይ በስጦታ ሲሆን። ከአባት ወደ ልጅ በውርስ ከሆነ ነባር እንደሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ ሊዝ ፈርታችሁ በሟች ስም ማስቀመጥ ምንም አይጠቅማችሁም። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፣ የሞት ማስረጃ፣ የልጅነት ማስረጃና ምስክር ይዛችሁ፣ የእናትሽን የጋብቻ ማስረጃም አትርሱ፣ ስሟ እንዲገባ መሠረቱ እሱ ነው። ከዛ በኋላ ነው ወደ ማዘጋጃ ስም ዝውውር የምትሄዱት።

ልኬት፦
ካርታ እያለ ምዝገባ ለምን ላልሽው እኔ በቅየሳ ሥራ ስላለሁ ልመልስልሽ። ካርታ ይሄ ቦታ ለእገሌ ተሰጥቷል የሚል ማስረጃ ነው፣ ፍትሐ ብሔር ሕጉም ቁጥር 1195 ላይ ከአስተዳደር የተሰጠ የባለቤትነት ደብተር ያለው ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል ይላል፣ ግን ግምት ነው፣ አሰጣጡ ከሕግ ውጭ ከሆነ ይፈርሳል (1196)። የድሮ ካርታዎች ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ ንድፉ በእጅ የተሳለ ነው፣ አዋሳኙ በሰሜን እገሌ በደቡብ መንገድ ነው ሚለው፣ እገሌ ሸጦ ከሄደ በኋላ ወሰኑ የቱ ጋ እንደሆነ ማን ያውቃል። በ2006 በወጣው አዋጅ 818 የተጀመረው ምዝገባ እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት በኮኦርዲኔት ለክቶ የራሱ መለያ ኮድ ይሰጠዋል፣ መብቱ የማን እንደሆነ፣ እገዳ ካለ፣ ባንክ ይዞት ከሆነ ሁሉም አንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያኔ ካርታ ፎርጅድ አድርጎ አንድ ቤት ለሁለት ሰው መሸጥ በጣም ይከብዳል።

አሠራሩ ሰፈር በሰፈር ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ባለይዞታው ወይ ወኪሉ ሰነዱን አቅርቦ ወሰኑን ያሳያል፣ ይለካል፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ። ይሄ ይፋ የሚሆንበት ጊዜ ወሳኝ ነው፣ ሂዱና ስማችሁንም ካሬውንም በዓይናችሁ እዩ፣ ጎረቤት አጥሩን ገፍቶ ከሆነ መናገሪያው ያኔ ነው። ከአሁኑ ራሳችሁ በሜትር ለኩት፣ ካርታው ላይ ካለው ካሬ ጋር አስተያዩት። ግብር የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቡ፣ ለብቻው ባለቤት አያደርግም ግን በይዞታው ላይ መኖራችሁን ያሳያል።

ዘንዘልማ፦
ሳልጠይቅ አላልፍም፣ እኛ ዘንዘልማ ነን፣ አረንጓዴ ደብተር ነው ያለን። ወንድሜ ደሞ ከአንድ አርሶ አደር በመንደር ውል ቦታ ገዝቶ ቤት ሠርቷል። ይሄም ይመዘገባል?

ልኬት፦
አረንጓዴ ደብተሩ የገጠር መሬት ይዞታ ነው፣ ወደ ከተማ ቢካለልም በራሱ የከተማ ካርታ አይሆንም፣ ከተማው አጣርቶ ነው ይዞታ የሚሰጠው። ስለዚህ ደብተሩን ዋናውን አትስጡ፣ ኮፒ ብቻ። የወንድምህ ግን ከባድ ነው ወንድሜ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ባዶ ቦታ የተሸጠበት ውል ምስክር ቢደረደርም ፍርድ ቤት አይደግፈውም። ሌላ ገንዘብ ሳያፈስበት መጀመሪያ ቀበሌው ላይ ቦታው በማን ስም እንዳለ ያጣራ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የእናቴን ስሰማ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ። ታላቅ ወንድማችን ለጊዜው በኔ ስም ብቻ ይዙር፣ እናንተ ድርሻችንን ለቀናል ብላችሁ ፈርሙ፣ በኋላ እንካፈላለን ይላል፣ ሰውየው ክፉ አይደለም መሮጡ እንዲቀለን ብሎ ነው። ውጭ ያለው ደሞ ውክልና ልላክ ይላል።

አባይ ማዶ፦
ለቀናል የምትለዋን ወረቀት ማንም እንዳይፈርም፣ እናትሽ በተለይ። ወንድምሽ ጥሩ ሰው ይሁን፣ ግን ነገ ቢሞት የሱ ሚስትና ልጆች የሚያዩት ካርታው ላይ ያለውን ስም ነው፣ ባንክም የሚያየው እሱን ነው። የውርስ ክስ ደሞ ጊዜ አለው፣ ድርሻህ በሌላ ሰው መያዙን ካወቅህ ሦስት ዓመት ነው (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000)፣ በዝምድና አፍራችሁ ዝም ስትሉ ያልፋችኋል። በእናትሽና በሁላችሁም ስም በጋራ ይውጣ፣ ለሩጫው አንዳችሁን ወክሉ በቃ።

ውክልናው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ውጭ ያለው ኤምባሲ ሄዶ ሲሰጥ ለውርስ ጉዳይ፣ ለምዝገባና ለስም ዝውውር ብቻ ብሎ ይዘርዝር። መሸጥና ማስያዝ በግልጽ ካልተጻፈ ወኪል ቤት መሸጥ አይችልም (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205)፣ ስለዚህ እንዲሸጥ ካልፈለጋችሁ መሸጥ የሚለው ቃል እዛ ወረቀት ላይ አይግባ፣ አንዳንድ ጸሐፊ ከተዘጋጀ ፎርም ላይ ዝም ብሎ ይገለብጠዋል። ሳይፈርም በፊት ድራፍቱን በቴሌግራም ይላክላችሁና ቁጭ ብላችሁ ከእናታችሁ ጋር አንብቡት።