ከማድሪድ ተነሥቶ በእግር የሚጎበኙ ጥንታዊ ከተሞች፦ ዳገት ለሚከብዳቸው አባቴ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን። በመስከረም ወር ለሥራ ወደ ማድሪድ እሄዳለሁ፤ ስብሰባው እንዳበቃም አባቴ ይመጡና ጥቂት ቀናት አብረን እንሰነብታለን። አባቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ስለዚህ ማረፊያችንን ማድሪድ አድርገን፣ ማለዳ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ወደ አንድ ጥንታዊ ከተማ መሄድ፣ ቀኑን በእግር እየተዘዋወርን ማሳለፍና ማታ መመለስ እንፈልጋለን። መኪና ለመከራየት አላሰብንም። ስለ ቶሌዶ፣ ስለ ሴጎቪያ፣ ስለ አቪላና ስለ አልካላ ዴ ኤናሬስ ያነበብኩት ሁሉ የሕንፃዎቹን ውበት እንጂ የመንገዱን አቀማመጥ ብዙም አይናገርም። አባቴ ሜዳ ላይ ረጅም መንገድ ቢሄዱ አይደክማቸውም፤ ዳገት ግን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል፣ ቁልቁለቱንም ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት። ከእነዚህ ከተሞች የትኞቹን ብንመርጥ ይሻላል? ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ ያለው መንገድ ምን ይመስላል? ሴጎቪያንና አቪላን በአንድ ቀን አጣምሮ ማየትስ ይቻላል? አባቴ ረቡዕና ዓርብን ስለሚጾሙ የምግቡን ነገር የምታውቁም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ማድሪድ ከሚኖር አባል

እህቴ፣ ከውበታቸው በፊት ከተሞቹን በሚነሡበት ጣቢያ ይለዩአቸው፤ ማድሪድ ውስጥ ጠዋት ወደተሳሳተ ጣቢያ መሄድ ግማሽ ቀን ያስበላል። ወደ ቶሌዶ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ከአቶቻ ተነሥቶ 70 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ35 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። የሴጎቪያው ፈጣን ባቡር ደግሞ በከተማዋ ሰሜን ካለው ከቻማርቲን ተነሥቶ በግማሽ ሰዓት ያህል ይደርሳል። ወደ አቪላ የሚወስደውም ከቻማርቲን ይነሣል፤ እሱ ግን ፈጣን ስላልሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ለአልካላ ሰርካኒያስ የሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር አለ፤ ሲ-2 የተባለው መስመር ከአቶቻ ተነሥቶ በ40 ደቂቃ ገደማ ያደርሳችኋል።

የቲኬቱም ነገር በዚሁ ይለያያል። በፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ እያንዳንዱ መቀመጫ በቁጥር የሚያዝ በመሆኑ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቲኬት አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል፤ ዕቃም ወደ ባቡሩ ከመግባቱ በፊት ይፈተሻልና ጥቂት ቀደም ብሎ መድረስ ይገባል። ለሰርካኒያስ ግን ቦታ መያዝ የለም፤ የሚሞላ ካርድ ይዞ በመጣው ባቡር መሳፈር ይበቃል። ለአባትዎ አንድ ነገር አስቀድመው ቢያስረዷቸው መልካም ነው፦ በሰሌዳው ላይ 14:00 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

አሁን ስለ ቶሌዶ። ከተማዋ በሦስት ወገን በታሆ ወንዝ በተከበበ ዓለታማ ኮረብታ ላይ የቆመች ናት፤ ጣቢያው ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ በዝቅተኛው ስፍራ ነው። እስከ አልካንታራ ድልድይ ያለው መንገድ ቀላልና ደስ የሚል ሲሆን፣ ከድልድዩ በኋላ የሚመጣው ዳገት ግን ለጤነኛውም ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ከጣቢያው ደጃፍ በከተማ አውቶቡስ ወይም በታክሲ በቀጥታ እስከ ሶኮዶቬር አደባባይ ውጡ። ከዚያ በኋላ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አድርጋችሁ ካቴድራሉን፣ የሳንቶ ቶሜን ቤተ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ሰፈርን፣ የሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬዬስን ገዳም፣ በመጨረሻም የሳን ማርቲንን ድልድይ በቅደም ተከተል ብታዩ፣ መንገዱ አልፎ አልፎ ከፍ ቢልም በጠቅላላው ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል። ከድልድዩ ወደ ጣቢያው በታክሲ መመለስ ይቻላል። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ሶሉ የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም።

የታሪክ መምህር ለሆኑት አባትዎ ካቴድራሉ ብቻውን ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ግንባታው በ1226 ተጀምሮ በ1493 ነው የተጠናቀቀው። በሳንቶ ቶሜ ያለው የኤል ግሬኮ ሥዕል ደግሞ ቅዱስ እስጢፋኖስና ቅዱስ አውግስጢኖስ ከሰማይ ወርደው አንድ በጎ አድራጊ መኳንንት ሲቀብሩ ያሳያል፤ ከ1586 እስከ 1588 ባለው ጊዜ ለዚያው ቤተ ክርስቲያን የተሣለ ሲሆን ዛሬም እዚያው ነው። በአንድ ክፍያ በርካታ ቦታዎችን የሚያስገባ የእጅ አምባር ይሸጣል፤ ሳንቶ ቶሜና ሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬዬስ በእሱ ውስጥ ሲካተቱ ካቴድራሉ ግን ለብቻው ይከፈልበታል።

መልስ፣ ከሐይፋ

ቶሌዶ ከሄዳችሁ የአይሁድ ሰፈርን በችኮላ አትለፉት ብዬ እለምናችኋለሁ። ሁለት ጥንታዊ ምኵራቦች እዚያ ተርፈዋል። ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ የሚባለው በነጭ ዓምዶቹና በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተሠሩ ቅስቶቹ መስጊድ ይመስላል፤ በኋላም ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለውጧል። ኤል ትራንሲቶ የተባለውን ደግሞ የካስቲሊያው ንጉሥ የቀዳማዊ ፔድሮ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሳሙኤል ሃሌቪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አሠርቶታል። በግድግዳው ዙሪያ በዕብራይስጥ የተቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ በውስጡም በ1492 ከስፔን ስለተባረሩት አይሁድ የሚያስረዳ ሙዚየም አለ። እኔ ከሁሉ በላይ የቆየሁት በዚህ አዳራሽ ነው፤ ሥራው የሙስሊም ባለሙያዎች ጥበብ፣ ጸሎቱ የአይሁድ፣ ንጉሡ ክርስቲያን በሆነበት ዘመን የተሠራ ቤት ስለሆነ አባትዎ ደስ እንደሚላቸው አምናለሁ። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው፤ እሑድም ከሰዓት በኋላ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቀኑን በዚህ መሠረት ምረጡ። በሰሜን በኩል ካለው በር አጠገብ በ999 የተሠራ ትንሽ መስጊድም ቆሟል፤ ዛሬ ክሪስቶ ዴ ላ ሉስ ይባላል፣ አምባሩም ያስገባል፤ ነገር ግን ወንድማችን ከጠቆመው የቁልቁለት መንገድ ወጣ ያለ ስለሆነ በጉልበታችሁ መጠን ወስኑ።

መልስ፣ ከስቶክሆልም

ከላይ የተነገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ዳገት ለሚከብደው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ሴጎቪያ መሆን አለባት እላለሁ። ቶሌዶ የምታምረው መንገድ ጠፍቶህ ስትዞር ነው፤ መንገድ መጥፋት ደግሞ እዚያ ዳገት መውጣት ማለት ነው። በሴጎቪያ ግን ዋናው ጎዳና አንድ ነው። ሮማውያን ካሠሩት የውኃ ማስተላለፊያ ድልድይ ሥር ተነሥቶ፣ በዋናው አደባባይና በካቴድራሉ አልፎ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት በልጦ በአልካሳር ቤተ መንግሥት ያበቃል። ከፍታው ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው፤ በየመንገዱም አረፍ የሚባልበት አግዳሚ ወንበርና ቡና ቤት አይጠፋም።

ድልድዩን ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። የግራኒት ድንጋዮቹ ያለ ምንም ማያያዣ፣ በክብደታቸውና በአጠራረባቸው ብቻ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ ከፍተኛው ስፍራ 28 ሜትር ያህል ነው፣ ውኃውም ከጓዳራማ ተራሮች ይመጣ ነበር። በዋናው አደባባይ ባለው በሳን ሚጌል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ኢሳቤላ በታኅሣሥ 1474 የካስቲሊያ ንግሥት ተብላ ታውጃለች፤ የዛሬው ሕንፃ ግን ከዚያ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። በአልካሳር ክፍሎቹን ማየት ለአባትዎ አያስቸግርም፤ ወደ ግንቡ አናት የሚያወጣው ደረጃ ግን ከ150 በላይ ስለሆነ እሱን ይተዉት።

ከአልካሳር በታች በኤሬስማ ወንዝ ዳር ሌላ ዓለም አለ። ከሳን ማርኮስ መስክ ሆኖ ወደ ላይ ሲታይ ቤተ መንግሥቱ በገደሉ ጫፍ ላይ የቆመ ይመስላል፤ ከዚያም ትንሽ ራቅ ብሎ በ1208 የተመረቀ፣ አሥራ ሁለት ግድግዳ ያለው የቬራ ክሩስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የክርስቶስ መስቀል ግማድ ይቀመጥበት የነበረ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ በመስከረም ለሚጓዝ ኢትዮጵያዊ የተለየ ትርጉም ይኖረዋል። ከከተማው ወደዚያ መውረጃው ቁልቁል ነው፤ ታክሲ ይዛችሁ ውረዱ፣ በወንዙ ዳር በሜዳው ተራመዱ፣ በታክሲም ተመለሱ።

ስለ ጣቢያው ማስጠንቀቅ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፈጣኑ ባቡር የሚያወርደው ሴጎቪያ ጊዮማር በሚባል፣ ከከተማው ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሜዳ ላይ በተሠራ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በእግር መሄድ አይታሰብም፣ 11 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ድልድዩ ያደርሳል። እኔ የምመርጠው ግን ከማድሪድ ሞንክሎዋ የሚነሣውን አውቶቡስ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቢፈጅም ከድልድዩ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ያወርዳል፤ ሁለት ጊዜ መሳፈርንም ያስቀራል።

ሴጎቪያንና አቪላን በአንድ ቀን ማጣመርን ግን አልመክርም። በመካከላቸው አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ አውቶቡስ ቢኖርም ጉዞዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀናችሁን ሰዓት በመጠበቅ ታሳልፋላችሁ።

መልስ፣ ከሮም

ልጄ፣ አባትሽ በሜዳ መራመድ የሚወዱ ከሆነ አልካላን ለመጀመሪያው ቀን አድርጊላቸው፤ ከአውሮፕላን ወርደው ገና ላልበረቱ ሰው የሚስማማ ከተማ ነው። ከጣቢያው እስከ ሰርቫንቴስ አደባባይ ሩብ ሰዓት ያህል የሚወስድ ደልዳላ መንገድ ነው። ካየር ማዮር የሚባለው ጎዳና ግራና ቀኙ በዓምድ የተደገፈ ጥላ ስላለው ፀሐዩም ዝናቡም አያስቸግርም። ዩኒቨርሲቲውን ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1499 መሥርተውታል፤ እዚያው በ1514 እና በ1517 መካከል ብሉይ ኪዳንን በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ጎን ለጎን የያዘ፣ ለአምስቱ ብሔረ ኦሪት ደግሞ አራማይስጡን የጨመረ ታላቅ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሟል። ለታሪክ መምህር ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም። ደራሲው ሰርቫንቴስ በ1547 የተጠመቀው በዚህች ከተማ ነው፤ በየጣሪያው ላይ ጎጆ የሠሩትን ሽመላዎችም ቀና ብለው ይመልከቱ።

አቪላን በተመለከተ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆነው ቅጥሯ በእውነት ድንቅ ነው፤ ከጣቢያውም ያለው መንገድ ደልዳላ ነው። ነገር ግን በቅጥሩ ላይ ለመሄድ በአብዛኛው ጠባብ ደረጃ መውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ለእናንተ የሚበጀው በታክሲ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሎስ ኳትሮ ፖስቴስ ሄዶ ቅጥሩን በሙሉ ከሩቅ ማየት ነው። ከተማዋ 1,130 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ባይሰማውም የማለዳው ብርድ ይሰማዋልና ጋቢ ቢጤ ያዢላቸው።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልካላን ለመጀመሪያው ቀን፣ ሴጎቪያን ለሁለተኛው አድርጌዋለሁ፤ ቶሌዶን ደግሞ ሙዚየሙ በሚከፈትበት ቀን እንሄዳለን፣ አቪላን ትቼዋለሁ። ሴጎቪያ የምንሄደው ረቡዕ ላይ ስለዋለ የምሳውን ነገር አደራ።

መልስ፣ ማድሪድ ከሚኖር አባል

ሴጎቪያ የታወቀችው በተጠበሰ የአሳማ ግልገል ነው፤ ከነጭ ባቄላ የሚሠራው የአካባቢው ወጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ገብቶበት ይሠራል። «ያለ ሥጋ» ብላችሁ ብታዙ ቱና ወይም የሃሞን (የደረቀ የአሳማ ሥጋ) ቁራጭ ያለበት ሰላጣ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ብዙ አስተናጋጆች እነዚህን ከሥጋ አይቆጥሯቸውምና። ስለዚህ የማይበላውን ነገር አንድ በአንድ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ሃሞን፣ ያለ ቱና፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ ብላችሁ ንገሩ። ከአትክልት የሚሠራው ፒስቶ እንቁላሉ ከላዩ ከቀረለት ለጾም ይሆናል፤ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይትም በየቦታው ይገኛል። ምግብ ቤቶቹ ምሳ ማቅረብ የሚጀምሩት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ አባትዎ እስከ 9 ሰዓት ካልቀመሱ ግን ይህ ሰዓት ይስማማቸዋል፣ በዚያን ጊዜ ገና ምሳ ይሰጣል። ለመመለሻው የ12 ሰዓት አውቶቡስ አካባቢ ቲኬት ብትይዙ በእርጋታ በልታችሁ ድልድዩን በከሰዓቱ ብርሃን እንደገና ለማየት ጊዜ ይተርፋችኋል።