ለምግብ ጠረጴዛ ክቡ ይሻላል ወይስ ባለ አራት ማዕዘኑ?

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሳሎናችን 3.5 በ5 ሜትር ሲሆን አጭሩን ግድግዳ ሶፋው ይዞታል። አምስት ቤተሰብ ነን፤ በበዓል ግን ስምንት እንሆናለን። ባለቤቴ ክብ ጠረጴዛ ትመርጣለች፣ እኔ ባለ አራት ማዕዘን። ምን ትመክሩናላችሁ?

አናጺው፦
ከቅርጹ በፊት መተላለፊያውን ይለኩ። ሰው ወንበር ስቦ እንዲነሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላው ሰው የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ 90 ያህል መተው አለበት። ለአንድ ተመጋቢ 60 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ስለሚታሰብ፣ የ120 ሴንቲ ሜትር ክብ ስድስት ሰው ይይዛል።

የልጆች እናት፦
እኔ ለባለቤትዎ እፈርዳለሁ። እንጀራ በአንድ ትሪ በሚቀርብበት ቤት፣ ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ወጡ ጋ ለመድረስ ከወንበሩ መነሳት ይኖርበታል፤ እኛ ቤት ሁልጊዜ የምትነሳው ታናሿ ልጄ ነበረች። ክቡ ላይ ግን ትሪው ከሁሉም እኩል ይርቃል። መሶብስ ክብ የሆነው ለዚሁ አይደል?

ጠያቂ፦
ተረታሁ። ስምንቱን እንግዲህ የት ላስቀምጣቸው?

አናጺው፦
መሐሉ ተከፍቶ 60 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ሳንቃ የሚገባበት አድርገው ያሠሩት፤ ሲከፈት ሞላላ ይሆንና ስምንት ሰው ያስቀምጣል። ዋንዛ ከመረጡ በደንብ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ይጣመምና ሳንቃው አልገባም ይላል።