ራውተሩ ወደ 7 አልሻገር አለኝ፤ የሞከረው ካለ?

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የአንድ ሆቴል ኔትወርክ እከታተላለሁ። ራውተሩ ማይክሮቲክ ሃፕ ኤሲ2 ነው፤ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ራውተርኦኤስን፣ ከ6.49 ወደ 7 ላሳድገው ብዬ ነበር። የሆቴሉ ኢንተርኔት ስለሚንቀራፈፍ የማሳደጊያውን ፋይል (ለአርም ፕሮሰሰር የሚሆነውን) ቢሮ አውርጄ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። በዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ፋይልስ ውስጥ፣ «ፍላሽ» ከሚለው ፎልደር ውጭ አስቀምጬ ሪቡት አደረግኩት። ተነሳ፣ ግን ያው 6 ላይ ነው፤ ሎጉ ቦታ አይበቃም ይላል። ማከማቻው 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የድሮ ባክአፖችን ባጠፋም ጠብ የሚል ነገር የለም።

የቀረኝ ኔትኢንስታል፣ ማለትም ሲስተሙን ከኮምፒውተር በኬብል እንደ አዲስ መጫን፣ ነው መሰለኝ፤ ሪሴቱን ተጭኖ፣ ኬብሉን አንደኛው ፖርት ላይ ሰክቶ። የሚያስፈራኝ የእንግዶቹ ሆትስፖት ነው፤ ከነተጠቃሚዎቹ እዚያው ላይ ተቀምጧል። መብራቱም አይታመንም፤ ዩፒኤስ ይዤ ነው የምሄደው።

ከ6 ሴቲንጉን ኤክስፖርት ያደረግኩበት ስክሪፕት 7 ላይ ሳይንገጫገጭ ይገባል? የራውተሩ የራሱ የሎግኢን ፓስወርዶች እንደማይወጡ አውቃለሁ፣ እነሱን በእጄ እሞላለሁ። የሆትስፖቱ የሎግኢን ገጽስ? ለብቻው መቅዳት አለብኝ? ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ስለሚሞላ ከዚያ በፊት የሞከራችሁት ብትነግሩኝ።