እህቴ የፕሮስቴት ምርመራ ውጤቷን ይዛ ግራ ገብቷታል፤ ምን ልበላት?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። እህቴ ካናዳ ትኖራለች። ወንድ ተብላ ያደገች ትራንስ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ 52፣ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን መውሰድ ከጀመረች 9 ዓመት ሆኗታል። ከቤተሰብ የምታዋራው እኔን ብቻ ነው።

አባታችን የሞተው በፕሮስቴት ካንሰር ነው። ሽንት ሲያስቸግረው «የእርጅና ነው» ብለን ስናዘናጋው ጊዜው አለፈ። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተመርመሪ ብዬ የወተወትኳትም ለዚህ ነው። እሷ የብልት ቅርጽን ወደ ሴት የሚቀይረውን ቀዶ ሕክምና ብታደርግም ፕሮስቴቷ እንዳለ ነው፤ በዚያ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም።

የደም ምርመራው ፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን በደም ውስጥ ያለው መጠን) 2.6 አለ። ሐኪሟ «ከ4 በታች ስለሆነ ደህና ነሽ» ብሎ ሸኛት። ነገር ግን ኤስትሮጅን ይህን ቁጥር በጣም ያወርደዋል። እንደ እሷ ሆርሞን ለሚወስዱ ሴቶች ከ1 በላይ ከሆነ በደንብ ይታይ የሚሉ ባለሙያዎች እንዳሉ አነበብኩ። ዓምና ደግሞ 1.1 ነበር። መጨመሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

እሷ ተመልሳ መሄድ አልፈለገችም። ወንዶች በተቀመጡበት ስሟ ሲጠራ ሁሉም ዞር ብሎ እንደሚያያት ነገረችኝ፤ ስልክ ላይ አለቀሰች።

ሐኪም የሆናችሁ፣ ወይም በዚህ ያለፋችሁ፦ ኤምአርአይ እንዲታዘዝላት ምን ብላ ትጠይቅ? የአባታችንን ነገር ማንሳቷ ይረዳታል? ካንሰር ቢገኝ ሆርሞኑን አቁሚ ይሏታል? ከሁሉ በላይ የምትፈራው እሱን ነው። ልትሳደቡ የመጣችሁ እባካችሁ እለፉኝ። እናታችን እስካሁን ምንም አልሰማችም፤ ለእሷስ ከየት ልጀምር?