ለክረምቱ የቶርናዶ ጎማ ልቀይር ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የላም_ሐኪም
ሰላም ሞተረኞች። ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ውሎዬ ከዚህ እስከ ጫንጮ ወተት ላም ያለው ቤት ሁሉ ነው። የምነዳው ሆንዳ ኤክስአር 250 ቶርናዶ፣ በጨረታ የገዛሁት። የኋላው ጎማ ሊሾ ሆኗል፣ የፊቱ ትንሽ ጥርስ ቀርቶታል ግን ጎኑ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ግንቦት ገባ፣ ከዚህ በላይ ላቆየው አልችልም።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ከአስር ኪሎ ሜትር ሰባት ስምንቱ አስፋልት ነው፣ የቀረችው ግን ያቺ መረሬ (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ናት፣ ዝናብ ከነካት ሞተር ቀርቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው አታስቆምም። አምና ክረምት ላም መውለድ አቅቷት ሌሊት ተጠርቼ ስሄድ ከነሞተሬ አጥር ስር ተጋድሜ ነው ያገኙኝ (ላሟም ጥጃዋም ደህና ናቸው፣ የተጎዳው የኔ ጉልበት ነው)። እና ሙሉ የጭቃ ጎማ ላስገባ ወይስ መሃለኛ፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነውን? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከኋላ 140 አስገባ፣ ወፍራም ጎማ ጭቃ ይይዛል ይለኛል፣ እውነት ነው? ከኋላ የመድኃኒት ሳጥን አለብኝ፣ 20 ኪሎ ምናምን ትሆናለች።

በቅሎ_ይሻላል
ዶክተር ሙያው በእጅህ እያለ? በቅሎ ግዛ። ጎሚስታ አትፈልግም፣ ብትታመም ራስህ ታክማታለህ 😄

ፒስታ_ለምዶብኝ
ያ ጓደኛህ መኪና ነው የሚነዳው መሰለኝ። ቶርናዶ ከፊት 90/90-21፣ ከኋላ 120/80-18 ነው፣ እሱን አትልቀቅ። ወፍራም ጎማ አሸዋ ላይ ሊጠቅምህ ይችላል፣ መረሬ ላይ ግን የምትፈልገው ላዩን ሰንጥቆ ከስር ያለውን ደረቅ የሚነካ እንጂ ላዩ ላይ የሚንሸራተት አይደለም። ደግሞ 140 ስታስገባ በጎማውና በካቴናው መሃል ያለችው ክፍተት ትጠፋለች፣ መረሬ ታውቀው የለ እንደ ሊጥ ነው፣ ይጠቀለላል ይጠቀለላል ከዛ ጎማው መዞር ያቆማል፣ አንተ ፍሪሲዮን እያቃጠልክ ትቀራለህ። እኔ አንድ ክረምት በእንጨት እየፋቅሁ ሁለት ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ ግማሽ ቀን ፈጅታብኛለች፣ ያውም በልኩ ጎማ! ቸርኬውም የተሠራው ለጠባብ ጎማ ነው፣ ወፍራሙ እዛ ውስጥ ሲታጨቅ ይሾልና መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ይሆናል።

ሻጮች ደግሞ 120/90 ሰጥተው "ያው ነው" ይሉሃል። ያው አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር ቁመቱ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ ያንተ 96 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሱ 108፣ ያቺን 12 ሚሊ ክረምት ላይ ጭቃው ይፈልጋታል። 4.60-18 የሚል ካገኘህ እሱ በኢንች ነው፣ 117 ሚሊ አካባቢ ስለሚሆን በስፋት ይቀራረባል፣ ቁመቱን ግን ቁጥሩ አይነግርህምና ከአሮጌው ጎን አቁመህ አስተያይ። እንደ ኬንዳ ኬ270 ወይ ሺንኮ 244 ያለ መሃለኛ ይበቃሃል፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ ስለሆነ ጭቃውን ይተፋል፣ አስፋልት ላይም አያሳፍርም። ሳጥንህ ምንም ችግር የለውም፣ 120/80-18 ብዙ ጊዜ አጠገቡ 62 የሚል ቁጥር አለው፣ እስከ 265 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከቻልክ ግን ፊቱን ይበልጥ ጥርሳም አድርገው፣ ኋላው ቢያዳልጥህ ታስተካክለዋለህ፣ ፊቱ ከሄደ አጥር ስር ነህ።

የእንጦጦ_ቁልቁለት
እዚህ የመጨረሻው ላይ አልስማማም። ሰውየው አብዛኛው መንገዴ አስፋልት ነው እያለ ነው እኮ! ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን ጠመዝማዛ በዝናብ ውረዱትና ንገሩኝ። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ነው የሚመጣው፣ ጥርሳም ጎማ ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው፣ ጥርሱም ይተጣጠፋል። እኔ ሙሉ የጭቃ ጎማ ፊትና ኋላ በሰኔ አስገብቼ መስቀል ሳይደርስ የኋላው መሃሉ ሊሾ ሆኖ ነበር፣ የፊቱ ደግሞ ከአንድ አይሱዙ ኋላ በስንት ጸሎት ነው ያቆመኝ።

ፒስታ_ለምዶብኝ
እሺ እሱ ልክ ነው፣ እኔ ወደ ከተማ ብዙ ስለማልወርድ ነው። ዶክተር አንተ ምን ያህል ትወርዳለህ?

የላም_ሐኪም
መድኃኒት ልገዛ በሳምንት ሁለቴ። በቃ ሁለቱንም መሃለኛ አደርጋለሁ።

ጋሼ_ጎሚስታ
ልጆች ስለ ጎማው ብዙ አወራችሁ፣ ነፋሱን ስለሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ስለ ከመነዳሪው ማንም አላነሳም። አዲስ ጎማ ውስጥ አሮጌ ከመነዳሪ አታስገባ ልጄ፣ ተለጥጦ ስለሚሰፋ ውስጥ ይታጠፍና እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል፣ ያውም ሌሊት ነው የሚቀደደው። ራጂዎቹን የሚሸፍነው ላስቲክ ቸርኬው ላይ መኖሩን እይ፣ ከሌለ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠህ አልብሰው። ከመነዳሪውን የሕፃን ፓውደር አስነካው፣ የጎማውን ከንፈር (ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን ጠርዝ) የሳሙና ውሃ ቀባው፣ ዘይት እንዳትቀባ።

ስትጨርስ ቫልቩ ላይ ያለችውን ቡሎን ቸርኬው ላይ አታጥብቃት፣ ወደ ላይ ከክዳኑ ጋር አጣብቃት። ጎማው ቸርኬው ላይ ከዞረ ቫልቩ ይዘምምና ታየዋለህ፣ ካጠበቅካት ግን ሳታየው ከስሩ ይበጠሳል። ነፋሱ ፊትም ኋላም 22 ፒኤስአይ ነው፣ ሳጥኗ ሙሉ ስትሆን ኋላውን ትንሽ ጨምር። ጭቃ ላይ 18 ድረስ ብታወርደው ይረግጥልሃል፣ ከዛ በታች ግን አይሆንም፣ ይዞራል። አስፋልት ስትወጣ መልሰህ ሙላ፣ ትንሽ ፖምፓ ሳጥንህ ውስጥ አትጣ። መለኪያም የራስህ ይኑርህ፣ አንዳንዱ የሙያ ባልደረባዬ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ "ደህና ነው" የሚል አለ፣ የለመደው የጭነት መኪና ነዋ።

የላም_ሐኪም
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ መርካቶ ወርጄ 120/80-18 አገኘሁ፣ ጎኑ ላይ 3519 የሚል አለው። ሻጩ "19 ነው፣ ገና የሚመጣው ዓመት፣ ከዚህ በላይ አዲስ ከየት ታመጣለህ" አለኝ 😂 እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሼ_ጎሚስታ
ጎበዝ ሻጭ ነው 😄 ፋብሪካው መቼ በኛ ቆጠረ? 35ኛው ሳምንት፣ በፈረንጅ 2019፣ በኛ ነሐሴ 2011 የተሠራ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፀሐይ ላይ ከሰቀሉት ደግሞ ላስቲኩ ደርቋል፣ ጥርሱን በጥፍርህ ጫን በለው፣ እንደ ድንጋይ ከሆነ ተወው፣ እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም።

የላም_ሐኪም
ተውኩት። ሌላ ሱቅ 0825 የሚል አገኘሁ፣ ዋጋው ዓይን ያወጣል ግን ፊቱንም ኋላውንም ከነከመነዳሪው ወስጃለሁ። ነገ ጠዋት ይገጠማል።

ጋሼ_ጎሚስታ
ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቀስት እያየህ አስገጥም፣ ፊቱ የራሱ ኋላው የራሱ አቅጣጫ አለው። ከንፈሩ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል ርቃ መዞሯን ካላየህ ከጎሚስታው ቤት አትውጣ፣ ካልተስተካከለች ጎማው ይዘላል። አዲስ ጎማ ደግሞ ላዩ ያሙለጨልጫል፣ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮብልስቶን ላይ ኃይለኛ ፍሬን እንዳትይዝ።

ዲቲ_አሮጌው
ጣልቃ ልግባና፣ የኔ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፣ ይሄው 120 ይሆነኛል? ቡራዩ አንድ ሰው በቅናሽ እየሸጠ ነው።

ፒስታ_ለምዶብኝ
አይሆንህም። ዲቲ ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.10-18 ነው። አሮጌው ጎማህ ላይ ያለውን አንብብና እሱን ጠይቅ፣ ቅናሹን ተወው።